የመተማን መንገድ ስጠረጥር

ብልቴ ላይ የወጡት ቁስሎች አራት ነበሩ። የምስር ፍሬ የማያክሉ፣ ውሃ የቋጠሩ፣ ተጠጋግተው የወጡ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ቦታው ሲያሳክከኝ፣ እንደ መርፌ ወጋ ወጋ ሲያደርገኝ ውሎ ነበር፤ ሙቀት ነው ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ሽንቴን ስሸና አቃጠለኝ። የሥራ ቦታዬ ሽንት ቤት ውስጥ በስልኬ ካሜራ አየሁትና በሩን ቆልፌ ቁጭ አልኩ። ውጭ አንድ ተማሪ "እህት፣ ፎቶ ኮፒ ነበር" እያለ ይጣራል። ማራኪ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው፣ የፈተና ሰሞን ስለነበር ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል።

በሦስተኛው ቀን አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ያየችኝ ባለሙያ ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፈጀባትም። መርፌ ወጋችኝ፣ አሲክሎቪር የሚባል እንክብል ጻፈችልኝ። በአገራችን በብዙ ቦታ የብልት ቁስል የሚታከመው የላቦራቶሪ ውጤት ተጠብቆ ሳይሆን ምልክቱ ታይቶ ነው፤ ቂጥኝም፣ ሄርፒስ የሚባለው ውሃ የቋጠረ ቁስል የሚያወጣ ቫይረስም እንዳያመልጥ ለሁለቱም መድኃኒት ይሰጣል። ይህን በኋላ ስረዳ አልከፋኝም። የከፋኝ ካርዴን እየሞላች የጠየቀችኝ ነገር ነው።

"ባለቤትሽ ምን ይሠራል?"

"እጮኛዬ ነው። ሾፌር ነው።"

"በየት በየት?"

"መተማ።"

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። "አይ እህቴ" አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ያቺ "አይ እህቴ" ግን ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ።

ጎንደር የሚኖር ሰው ወደ ሱዳን ድንበር የሚወርደው የመተማ መንገድ የምን መንገድ እንደሆነ ያውቀዋል። በሰሊጥ ወቅት ያ መንገድ ቀንም ሌሊትም አይተኛም። ከየአቅጣጫው የቀን ሠራተኛ ይወርዳል፣ ሰሊጡ ተጭኖ ይወጣል። እጮኛዬ አይሱዙ ይነዳል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ አንዳንዴ እዚያው መተማ መንገድ ላይ ያለችው ሸኸዲ ከተማ ሁለት ሌሊት፣ ሦስት ሌሊት ያድራል። ስለ ሾፌርና ስለ መተማ የሚወራውን ልጅ እያለሁ ጀምሮ ስሰማው አድጌያለሁ፤ ስንተዋወቅም እናቴ በመጀመሪያ ያለችኝ "ሾፌር ነው እንዴ?" ነበር። እንግዲህ ይኸው ሆነ አልኩ። ማን ጋ እንዳደረ፣ መቼ እንዳደረ፣ ስልኩ የተዘጋባቸውን ምሽቶች ሳይቀር አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሽማግሌ ተልኮ፣ የጥር ቀን ተቆርጦ፣ የሠርግ ካርዱን ራሴ በምሠራበት ቤት ልናሳትም ናሙና መርጠን ነበር። ናሙናውን መሳቢያ ውስጥ ገለበጥኩት።

ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ አነባለሁ። መጀመሪያ "ሄርፒስ" ስል አልማዝ ባለጭራ መጣልኝ። ወገብና ጀርባ ላይ እንደ ቀበቶ የሚወጣው፣ ሁላችንም የምናውቀው። እሱ ዘመዱ ነው እንጂ ሌላ ቫይረስ ነው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፈው ጋር አይገናኝም። የኔው ያለበትን እስካገኝ ድረስ ብዙ ገጽ አለፍኩ። ሳገኘውም ያነበብኩት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ሆነልኝ። እሱ አመጣው።

አንድ ነገር ደግሞ ነበር። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሁለታችንም ኤች አይ ቪ ተመርምረን ነበር። ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍኜ አስቀምጬዋለሁ። ያ ወረቀት ሁሉንም ነገር ያየ ይመስለኝ ነበር፤ እንደ ብዙዎቻችን "ተመርምረናል" ማለት አለቀ ደቀቀ ማለት መስሎኝ። የኤች አይ ቪ ምርመራ ኤች አይ ቪን ብቻ ነው የሚያየው። ሄርፒስን አይነካውም። ቂጥኝን እንኳ ለብቻው ካልጠየቁ አያየውም። በዚያ ወረቀት ተማምነው ያለምንም ጥንቃቄ የጀመሩ ስንት ጥንዶች እንዳሉ ሳስብ አሁንም ልቤ ይሰጋል።

ከመተማ የተመለሰ ቀን አዘዞ ላይ አገኘሁት። ሸክሙን አራግፎ መኪናውን ዳር አቁሟል። ጋቢናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሰሊጥ፣ ሰሊጥ ይሸታል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የተበተነ ፍሬ አለ፣ በጣቴ አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው የነገርኩት። የነገርኩት ማለት ይከብደኛል። የተናገርኩት አንድ ቃል ነው።

"ተመርመር።"

"ምን ሆኜ?"

"በሽታ ሰጥተኸኛል። ሂድና ተመርመር።"

ሞተሩ ጠፍቶ ነበር፣ እሱ ግን መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ "እኔን ነው የምትይው?" አለኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ጋቢናውን ከፍቼ ወረድኩና ባጃጅ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሦስት ቀን አልተደዋወልንም። በአራተኛው ቀን ደወለ። "እመረመራለሁ" አለ። "ግን አንቺም ትመረመሪያለሽ። አብረን።" ነገሩ ገረመኝ፤ እኔ ምን ልመረመር? የታመምኩት እኔ፣ ቁስሉ ያለው እኔ ጋ። የምርመራው ጉዳይ እሱ ነው ብዬ ነው የማምነው። እሺ ያልኩት ሰበብ እንዳያገኝ ነው።

ሁለተኛው ክሊኒክ ሌላ ነው፣ ፒያሳ አካባቢ። ዶክተሩ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ቀስ ብለው የሚያወሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያሉኝ ነገር "ዘገየሽ ልጄ" የሚል ነው። ቁስሉ ትኩስ እያለ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፣ ከላዩ በጥጥ እንጨት ተወስዶ ቢመረመር ቫይረሱ ራሱ ይገኛል፤ ሄርፒስ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንደኛው ይሁን ሁለተኛው በዚያው ይታወቃል። የኔ ደርቆ ቅርፊቱ ረግፏል፣ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። የቀረን ደም ነው። ለእጮኛዬም ቁስል ስለሌለው መንገዱ ያው ደም ብቻ ነው።

ደሙ ግን የሚያሳየው ቫይረሱን አይደለም። ሰውነታችን ቫይረሱን ሲያገኝ የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው የሚያሳየው። አይጂጂ የሚባለውን ዓይነት፣ አንደኛውንና ሁለተኛውን ሄርፒስ ለይቶ የሚያሳየውን ጠይቁ አሉን፤ አይጂኤም የሚባል ሌላ አለ፣ አዲስ ይሁን አሮጌ በትክክል ስለማይለይ ገንዘባችሁን አታባክኑበት አሉ። ሰውነት ይህን አንቲቦዲ እስኪሠራ ሳምንታት ይወስዳል። አንዳንዱ ሰው ላይ እስከ 12፣ እስከ 16 ሳምንት። ስለዚህ ዛሬ ነጻ የተባለ ሰው ከሦስት አራት ወር በኋላ ይደገማል። ውጤቱ በቁጥር ይመጣል፣ በብዙዎቹ ምርመራዎች ከ1.1 በላይ ከሆነ አለ ይባላል፣ ግን ከ3 በታች የሆነ ቁጥር ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ የሌለበትን ሰው አለብህ ይላል። በዚያ መሀል የወደቀ ሰው በሌላ ዘዴ ሳያረጋግጥ ትዳሩን ማፍረስ የለበትም። ይህችን ነጥብ ለማንም መናገር የምፈልጋት ናት። ምልክት የሌለውን ሰው ሁሉ በደም በጅምላ መመርመር የማይመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንደኛ አንዱ ላይ ቁስል የታየ ጥንድ ሲሆን ግን ጥያቄው ትርጉም አለው አሉ።

ያን ጊዜ ጠየቅኳቸው፤ እሱ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። "ዶክተር፣ ማን እንዳመጣው ያሳያል?"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ ደም ቀን አይጽፍም። ከማን እንደመጣም አይጽፍም።" ቀጥለው ሰው ቫይረሱን ይዞ ዓመታት ምንም ሳይታይበት መኖር እንደሚችል ነገሩኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካለው ሰው ከአምስቱ አንዱ፣ 846 ሚሊዮን ገደማ፣ የብልት ሄርፒስ አለበት፤ አብዛኛው ምልክት የለውም ወይም በጣም ቀላል ስለሆነ አያውቀውም። እኔ ግን ጆሮዬን ደፍኜ ነበር። እሱን ለማዳን የሚያወሩ መሰለኝ።

ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ እስኪመለስ ከሳምንት በላይ ቆየ።

ውጤቱን ለየብቻ ነገሩን። እኔ ቀድሜ ገባሁ። ወረቀቱን ገልብጠው ወደ እኔ አዞሩትና በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ ቁጥር ነኩ። ሄርፒስ ሁለት፣ 6.8። የኔ ነው። "እሺ" አልኩ፣ "እሱስ?" የሱን ሊነግሩኝ የሚችሉት እሱ ከፈቀደ ብቻ መሆኑን ነግረውኝ፣ ይልቅ የራሴን በደንብ እንድሰማ ለመኑኝ። ቁስሉ በወጣ በዘጠነኛው ቀን ነው ደሜ የተወሰደው። ያን ቀን ቁጥሩ እዚህ ደርሶ ከነበረ፣ ሰውነቴ አንቲቦዲውን የሠራው በዘጠኝ ቀን ውስጥ አይደለም። ከዚያ በፊት ነበር። አዲስ የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ ትኩሳት፣ ብሽሽት ላይ ንፍፊት፣ ከባድ ሕመም ይኖረዋል፤ የኔ አራት ፍሬ ሆኖ በሳምንት የደረቀው አሮጌ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም።

"ስንት ጊዜ በፊት?"

"ያን አላውቅም። ወራት ሊሆን ይችላል። ዓመታት ሊሆን ይችላል።"

ዓመታት የሚለውን ስሰማ አንድ ሰው ፊቴ መጣ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ፣ ከስምንት ዓመት በፊት።

እጮኛዬ ገብቶ ወጣ። ወረቀቱን ራሱ ሰጠኝ። ሄርፒስ ሁለት የለበትም። ሄርፒስ አንድ አለበት።

እዚህ ላይ ስለ ሄርፒስ አንድ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ይህን ሳውቅ ነው ስለ ነውር ያለኝ ሐሳብ የተናወጠው። እጮኛዬ በጋ በገባ ቁጥር ከንፈሩ ላይ ምች ይወጣበታል። ምች! ፀሐይ መታኝ፣ ተልባ በልቼ ወጣሁ የምንለው። እናቴ ጓሮ ዳማከሴ አለ። መጥቶ እንዲህ ሆኖ ካየችው ሁለት ሦስት ቅጠል ቀጥፋ በመዳፏ ታሻዋለች፣ አረንጓዴ ጭማቂው በጣቶቿ መሀል ይወርዳል፣ ግማሹን ግንባሩ ላይ ትቀባዋለች፣ ግማሹን ቡናው ውስጥ ጠብ ታደርግለታለች። "ይማርህ ልጄ" ትለዋለች። ያ ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች፣ ብዙውን ጊዜ፣ ሄርፒስ አንድ ነው። ፀሐይና ትኩሳት ይቀሰቅሱታል እንጂ አያመጡትም። ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ 3.8 ቢሊዮን የሚሆነው ይዞታል፣ አብዛኛው በልጅነቱ ከዘመድ አዝማድ መሳም ያገኘው ነው። ከንፈር ላይ ያለው ቁስል በአፍ በኩል ወደ ብልትም ሊተላለፍ ይችላል፣ ስለዚህ ያን ሰሞን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግን የኔው የቅርብ ዘመዱ ነው። አንዱ ከላይ ሲወጣ ዳማከሴና ምርቃት አለ። ሌላው ከታች ሲወጣ "አይ እህቴ" አለ።

ከክሊኒኩ ወጥተን የፋሲል ግቢን አጥር ይዘን በእግር ሄድን። መሽቷል፣ ከግንቡ ሥር የሚቀመጡ ወጣቶች ነበሩ። አልፈናቸው ትንሽ እንደሄድን ቆምኩ። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ወጣ፣ "አንተን ላስይዝህ እችል ነበር" አልኩ። እውነት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ሳላውቅ። በኤች አይ ቪ ወረቀታችን ተማምነን።

እሱ የጠየቀኝ መጀመሪያ "ያማል?" ብሎ ነው።

ይህን ስጽፍ ሁሉም በዚያው እንዳለቀ እንዳይመስል። ከሁለት ቀን በኋላ ንዴቱ መጣ። ሄርፒሱ አይደለም ያናደደው። "ሾፌር ስለሆንኩ ነው" አለኝ፣ "መምህር ብሆን እንዲያ አድርገሽ አታናግሪኝም ነበር።" መልስ አልነበረኝም። ልክ ነው። ቁስሉን ሳይ ያየሁት መንገዱን ነው፣ እሱን አላየሁም። ቀኑን ከጥር ወደ ፋሲካ ማግስት ገፋነው፤ ለቤተሰብ የሥራ ጫና ብለን ነገርን። ለእናቴ ግን ከሳምንት በኋላ እውነቱን ነገርኳት። ብዙ አልተናገረችም። ጓሮ ወጥታ ዳማከሴ ይዛ ገባች። እንደማይሠራለት ነገርኳት። "ቢሆንም" አለችኝ፣ አሸታ ቡናዬ ላይ ጠብ አደረገችልኝ።

ያን የዩኒቨርሲቲ ሰው ቁጥሩን አፈላልጌ ደውዬ ነገርኩት። እሱም ላያውቅ ይችላል፤ ሚስት አለው፣ ልጅ ይወልዱ ይሆናል። ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፍም።

ከዚያ ተነስተን ወደ ሥራው ገባን። መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሰውነት አያስወጣም፣ ክትባትም እስካሁን የለውም፤ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት አይደለም። ማሳከኩ ከጀመረበት ሰዓት አንስቶ ቁስሉ ፈጽሞ እስኪድን ግንኙነት የለም። በሌላው ጊዜ ኮንዶም፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ይቀንሳል፤ ቫይረሱ ቁስል በሌለበት ቀንም ከቆዳ ሊወጣ ይችላልና። በተጨማሪም በየቀኑ እንክብል። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት እንደኛ አንዱ ያለበት አንዱ የሌለበትን 1,484 ጥንዶች ተከታትሎ፣ ያለበት ሰው በቀን አንድ ጊዜ ቫላሲክሎቪር 500 ሚሊግራም ሲወስድ ወደ አጋሩ መተላለፉ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። አሲክሎቪሩን ጎንደር ፋርማሲ በቀላሉ አገኘሁ፣ ቫላሲክሎቪሩን ግን እህቴ ከአዲስ አበባ ላከችልኝ። ማታ ማታ ጥርሴን ከፋቅኩ በኋላ እውጠዋለሁ። መንገድ ላይ ሲሆን በዚያ ሰዓት ይደውልልኛል፣ ስለ እንክብሉ አይጠይቅም፣ ስለሌላ ነገር ያወራል፤ ግን ሰዓቱን አይስትም።

የፈራሁት ልጅ ነበር። ዶክተሩን ስጠይቃቸው ያልጠበቅኩትን ነገሩኝ። ለጽንሱ ከሁሉ የሚያሰጋው እናቲቱ በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት አዲስ ስትያዝ ነው፤ ሰውነቷ አንቲቦዲውን ሠርቶ ለልጁ ለማስተላለፍ ጊዜ አያገኝም። እንደኔ ቀድሞ የያዛት እናት ላይ አደጋው ከመቶ አንድ አይሞላም፤ ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ መድኃኒት ይሰጣታል፣ ምጥ ሲመጣ ቁስል ካለ በቀዶ ሕክምና ትወልዳለች። ስለዚህ ሐኪሟ እንዲያውቅ ትነግረዋለች። አሁን ሳስበው፣ አጋርን ለማስመርመር ይህ ብቻ በቂ ምክንያት ነው። ነፍሰ ጡር ሆና የሌለባት ሴት፣ ባሏ ያለበት ከሆነ፣ በእነዚያ ወራት መጠንቀቅ የምትችለው ሁለቱም ካወቁ ነው።

ከሁሉ ግን የሚቆጨኝ ያቺ ጋቢና ውስጥ ያልኳት ቃል ናት። "ተመርመር" አልኩት። እሱ በአራተኛው ቀን ሲደውል "አብረን" አለ። "እንመርመር" ብዬው ቢሆን ኖሮ ያው ክሊኒክ፣ ያው ደም፣ ያው ወረቀት ነበር፤ ያን ሦስት ቀን ግን አናሳልፈውም ነበር፣ "ሾፌር ስለሆንኩ ነው" የሚለውንም አልሰማም ነበር። ብዙ ሴቶች፣ ወንዶችም፣ ይህን ነገር ለአጋሬ እንዴት ልንገረው ብለው ይጨነቃሉ። እኔ ያደረግኩትን አታድርጉ። ማን አመጣው የሚለውን ይዛችሁ አትሂዱ፣ ደሙ አይመልስላችሁም። ቁስሉ ሳይደርቅ ሂዱ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ራሳችሁን አስመርምሩ፣ እኔ እንደመሰለኝ የተረጋገጠ ነው ብላችሁ አትለፉ።

ሁለተኛው ምርመራ መጋቢት ላይ ነበር፣ ዐሥራ ስድስተኛው ሳምንት ሲሞላ። ደሙን ሲሰጥ አብሬው ነበርኩ። ውጤቱን ግን ሳይነግረኝ ብቻውን ሄዶ ወሰደ። እኔ የአንድ ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት እያባዛሁ ነው፣ ማሽኑ ወረቀት ነክሶብኝ ክዳኑን ከፍቼ ቀስ ብዬ እየጎተትኩ። ስልኬ ጮኸ። የወረቀቱን ፎቶ ልኳል፣ ትንሽ ተንጋዷል፣ ጥግ ላይ የመሪው ጠርዝ ይታያል። ከሥሩ ጽፏል።

"ኔጌቲቭ ነው። ምሳ በልተሻል?"

አልበላሁም ብዬ መለስኩለት።